ነጩ ቅርፊት ከየት መጣ? በአንድ የድሬዳዋ አምስተኛ ክፍል የታየ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

«የዘንድሮ ልጆች ትምህርት አይወዱም።» በሱፐርቫይዘርነት በምዞርባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ስገባ ይህን እሰማለሁ። አንዳንዴ ስልክ ይወቀሳል፣ አንዳንዴ ወላጅ፣ አንዳንዴ ሙቀቱ። እዚህ የምጽፈው ይህንኑ ትል ስለነበረች አንዲት መምህርትና ስለ ክፍሏ ነው።

ጉዳዩ ትልቅ አይደለም። አንድ ክፍል ነው፤ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። ልመዘግበው የፈለግኩት የሠራው ብቻ ሳይሆን የከሸፈውም በግልጽ ስለታየበት ነው። ከየትምህርት ቤቱ የሚደርሰን «የመልካም ተሞክሮ» ሪፖርት ሲበዛ ያማረ ነው። ምንም ያልተበላሸበት ተሞክሮ ደግሞ ለሌላ መምህር ብዙም አይጠቅምም።

የመምህርቷ፣ የተማሪዎቹና የትምህርት ቤቱ ስም አልተጠቀሰም።

ዳራ

ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው። ያለው በመጋላ በኩል፣ ከደቻቱ ብዙም ሳይርቅ ነው። ድሬን ለማያውቅ ሰው፦ ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል የአሸዋ ወንዝ ነው። በአንዱ በኩል ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ በፕላን የተሠራው ከዚራ አለ፤ በሌላው በኩል መጋላ። ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሲመጣ ግን ድንገት ነው። የ1998ቱን ክረምት ጎርፍ ድሬ አትረሳውም።

ክፍሉ አምስተኛ ነው። ተማሪዎቹ ከስድሳ በላይ ናቸው፤ በአንድ ዴስክ ሦስት፣ ሲጠብ አራት ይቀመጣሉ። የመማሪያ ቋንቋቸው አማርኛ ነው። ቤታቸው ግን የሚነገረው ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪ ወይም አማርኛ ነው። ሜዳ ላይ ሲጫወቱ ሁሉንም ይቀላቅሉታል። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ክፍሉ ይግላል። ጣሪያው ላይ ማራገቢያ አለ፤ መብራት ካለ ይዞራል።

መምህርቷ አካባቢ ሳይንስ ነው የምታስተምረው። ሰነፍ አይደለችም። ሌሰን ፕላኗ በሰዓቱ ይደርሳል፤ ሾርት ኖቷ የተጣራ ነው፤ ክፍሏ ጸጥ ያለ ነው። በእኔ ቼክሊስት ስትመዘን ጥሩ ነጥብ ታገኛለች። (ቼክሊስቱ «ተማሪዎች ጥያቄ ጠይቀዋል ወይ?» ይላል። ምን እንደጠየቁ ግን አይጠይቅም።)

ችግሩ

ክፍሏ ገብቼ ያየሁት ትምህርት ስለ ውሃ ነበር። የውሃ ጥቅም፣ የውሃ ምንጮች፣ የውሃ ዑደት። እሷ ታስረዳለች፣ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ። በየመሃሉ «ገባችሁ?» ትላለች። ስድሳው በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» ይላል። ዝናብ ከመሬት በታች እንደሚሰርግና የከርሰ ምድር ውሃ እንደሚሆን ስትነግራቸው ማንም ቀና አላለም። በክፍለ ጊዜው ከልጆቹ የተነሱት ጥያቄዎች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንዱ «ቲቸር፣ ይጻፋል?» ሌላው «ፈተና ላይ ይመጣል?»

ከዚያ ደወል ተደወለ። እኔና እሷ በር ላይ ቆመን ስናወራ፣ ባጊያ (በዘይት የሚጠበስ መክሰስ) ሻጯ አጠገብ እነዚያው ልጆች ይጨቃጨቃሉ። ነገሩ ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ደቻቱ እንዴት ሊሞላ ቻለ የሚል ነው። አንዱ «ደንገጎ ላይ ዘንቦ ነው» ይላል፤ ደንገጎ ከድሬ በላይ ያለው ከፍታ ነው። አንዷ «ደንገጎ ሩቅ ነው፤ እዚህ እስኪደርስ አሸዋው ይጠጣዋል» ትላለች። ሦስተኛው ደግሞ «አሸዋው ከጠጣው ታዲያ የት ይሄዳል?» አለ። «አቦ ዝም በል፣ አንተ ምን ታውቃለህ!» ተባለ። ጭቅጭቁ ቀጠለ፤ ባጊያው ቀዘቀዘ።

መምህርቷ ዝም ብላ ሰማች። «ይሄ እኮ አሁን ያስተማርኩት ነው» አለችኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ለልጆቹ ቁራጭ ወረቀት ሰጠቻቸው። «በዓለም ላይ ማወቅ የምትፈልጉትን አንድ ነገር ጻፉ፤ ስም አያስፈልግም» አለቻቸው። ወረቀቶቹን አብረን አየናቸው። በጣም ብዙዎቹ እንዲህ ይላሉ፦ «ውሃ ምንድን ነው?» «የአፈር ዓይነቶችን ዘርዝር።» «የሰው ልጅ ስንት የስሜት ሕዋሳት አሉት?» አንዳንዶቹ ከጥያቄው ሥር መልሱንም ጽፈውታል። አንዷ ትክክል መሆኑን ለማሳየት ራሷ የእርማት ምልክት አድርጋበታለች።

እኔ የችግሩን መልክ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ልጆቹ ጥያቄ አላጡም። ትምህርት ቤት ውስጥ ጥያቄ የሚባለው መልሱ የሚታወቅ ነገር እንደሆነ ግን ተምረዋል። የማያውቁትን የሚጠይቁት ባጊያው ጋ ነው። በአምስት ዓመት የትምህርት ቤት ቆይታ ይህን ማንም በቃል አላስተማራቸውም። ግን ሲያዩት ኖረዋል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የተነካው «ገባችሁ?» ነው። መምህርቷ ይህን ቃል ተወችና «የቱ ጋ ጠፋባችሁ?» ማለት ጀመረች። ጠይቃም ትጠብቃለች። ይህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባደረጉት ጥናት፣ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አግኝተዋል። መምህሩ ሦስት ሰከንድ ያህል ሲታገስ የልጆቹ መልስ ይረዝማል፤ ዝም የሚሉት ይቀንሳሉ፤ ልጆቹ ራሳቸው መጠየቅ ይጀምራሉ። ሦስት ሰከንድ ግን ስድሳ ልጅ ፊት ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ረጅም ነው። መምህርቷ መጀመሪያ ላይ ዝምታው ሲያስጨንቃት ቾክ እየሰበረች ትቆይ ነበር።

ሁለተኛው እርምጃ የጥያቄ ወረቀት ነው። የሲሚንቶ ከረጢት ቀደው፣ አራግፈው፣ ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጠው ግድግዳው ላይ ለጠፉት። ማንም በማንኛውም ሰዓት ተነስቶ መጻፍ ይችላል። አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፦ መልሱን የምታውቀውን አትጻፍ።

ለብዙ ቀናት ባዶ ነበር። ከዚያ አንዲት ልጅ ጻፈች፦ «የኛ ማንቆርቆሪያ ለምን ነጭ ያወጣል? አዲስ አበባ አክስቴ ቤት እንዲህ አያወጣም።»

ድሬ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሻይ የሚፈላበት ዕቃ ውስጡ በነጭ ቅርፊት ይለበሳል። ሰው «ውሃው ካልሲየም አለው» ይላል፤ ሲበዛበት ይፍቀዋል፤ አለቀ። መምህርቷ በከፊል መልሱን ታውቀው ነበር። ልትነግራቸው ትችል ነበር፤ ሁለት ደቂቃ አይወስድም። አልነገረቻቸውም። «እንዴት ብለን እንወቅ?» አለቻቸው።

ልጆቹ ከየሰፈራቸው በሃይላንድ ውሃ ይዘው መጡ። ከሳቢያን፣ ከለገሃሬ፣ ከገንደቆሬ፣ ከመጋላ። አንዷ ልጅ እናቷ ለልብስ ያጠራቀመችውን የዝናብ ውሃ አመጣች። እሳት ለልጆች አደገኛ ስለሆነ ማፍላት ቀረ። ለነገሩ ድሬ ላይ እሳት ምን ያደርጋል? ውሃውን በሳህን አድርገው ከክፍሉ ውጭ ፀሐይ ላይ አሰጡት። ከሰዓት ሳይደርስ ደረቀ። ከቧንቧው ውሃ ሁሉ ነጭ ቀለበት ቀረ። የዝናቡ ሳህን ላይ ምንም የለም ማለት ይቻላል።

ክርክር ተነሳ። የሳቢያን ልጆች «የኛ ይበልጣል» አሉ፤ እንደ ድል ቆጥረውታል። በዚህ ጊዜ ከወትሮው የማትናገር አንዲት ልጅ «ሳህኖቹ እኩል አይደሉማ» አለች። እውነቷን ነው። አንዱ ጎድጓዳ፣ አንዱ ዝርግ፤ የውሃውም መጠን እንደየልጁ እጅ ነበር። መምህርቷ ይህን አስቀድማ አይታው ነበር። ሆን ብላ ነው የተወችው። ልጅቷ ተጨብጭቦላት አልቀረም፤ «ታዲያ ምን ይሻላል?» ተብላ ተጠየቀች። ለመምህራን ሻይ ከምታፈላው ሴትዮ አንድ ዓይነት የስኒ ማስቀመጫዎች ተለመኑ። ከፋርማሲ ሲሪንጅ ተገዝቶ መርፌው ተጣለ። ለእያንዳንዱ ማስቀመጫ እኩል ውሃ ተለካ። በሁለተኛው ሙከራ በሰፈሮቹ መካከል የነበረው ልዩነት በጣም ጠበበ። የሳቢያን ልጆች ቅር አላቸው።

ሳሙናም ተሞከረ። በዝናብ ውሃ ትንሽ የልብስ ሳሙና ብዙ አረፋ ሰጠ። በቧንቧው ውሃ ግን አረፋው አልነሳ አለ። አንድ ልጅ «እናቴ ሳሙና ቶሎ የሚያልቅባት ለዚህ ነዋ!» አለ። ይህን ቤቱ ሄዶ እንደሚናገር እርግጠኛ ነኝ።

ከዚያ ከማንቆርቆሪያ የተፋቀውን ቅርፊት ሎሚ ውስጥ ጨመሩት። ተንፈቀፈቀ። ከኮረብታው የለቀሙትን የኖራ ድንጋይ ፍርፋሪም ጨመሩ፤ እሱም ተንፈቀፈቀ። አንዱ «ቾክም ነጭ ነው» ብሎ ቾክ ጨመረ። ምንም የለም። ልጆቹ ወደ መምህርቷ ዞሩ። «አላውቅም፤ ጠይቄ ነገ እነግራችኋለሁ» አለች። በማግስቱ ተመለሰች፦ የክፍላችን ቾክ የተሠራው ከጀሶ ነው። ጀሶ ካልሲየም አለው፤ ሎሚ ሲነካው ግን ጋዝ የሚለቀው ነገር የለውም። ነጭ መሆን ብቻውን አንድ አያደርግም ማለት ነው።

ትምህርቱ የተሰጠው ከዚህ በኋላ ነው። ይህን ማንም እንዳይስተው እፈልጋለሁ። መምህርቷ ሰሌዳው ጋ ቆማ በቀጥታ አስረዳች። ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ወደ መሬት ይሰርጋል። በዚህ ምክንያት ትንሽ አሲድነት ይኖረዋል። በድሬ ዙሪያ ያለው ድንጋይ አብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነው፤ የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለውም በዚሁ ነው። ውሃው ድንጋዩን ቀስ በቀስ እያሟሟ ይዞት ይሄዳል። የከተማው ውሃ ከከርሰ ምድር ጉድጓድ ነው የሚቀዳው፤ ስለዚህ የሟሟው ድንጋይ ቧንቧችን ድረስ ይመጣል። ውሃው ሲፈላ ጋዙ ይወጣል፤ የሟሟውም ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ማንቆርቆሪያው ላይ የሚጋገረው እሱ ነው። ማስረዳቱ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። «ይጻፋል?» ያለ አልነበረም። አንዱ ግን እጁን አውጥቶ «ስለዚህ ደቻቱ ላይ አሸዋው የጠጣው ውሃ ቤታችን ይመጣል ማለት ነው?» አለ። ያ የባጊያው ጥያቄ ክፍል ውስጥ ገባ።

በመጨረሻ አንድ አያት ተጋበዙ። ሸመንደፈር (ምድር ባቡር) የሠሩ ጡረተኛ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ክፍሉ ውስጥ ነው። «እኔ ስገባ ባቡሩ የናፍታ ነበር፤ የእንፋሎቱን ዘመን ከትልልቆቹ ነው የሰማነው» ብለው ጀመሩ። «ቦይለሩ ውስጥ ይኸው ነጩ ይጋገራል ልጆቼ። ካልተፋቀ እሳቱ ውሃውን ትቶ ብረቱን ይበላል።» ልጆቹ የጠየቋቸውን ብዛት ቆጥሮ መጨረስ አይቻልም። ስለ ውሃ፣ ስለ ባቡር፣ ስለ ጅቡቲ፣ ባቡሩ ግመል ገጭቶ ያውቅ እንደሆነ።

ያልሠራው

የጥያቄ ወረቀቱ ሞቅ ሲል መምህርቷ ልታበረታታ ፈለገች። ከተከታታይ ምዘናው አምስት ማርክ ለጥያቄ መደበች። በሁለት ቀን የሲሚንቶው ወረቀት ጢም ብሎ ሞላ። ጥያቄዎቹን ስናነብ ግን ያ የመጀመሪያው ሳምንት ተመልሶ መጣ፦ «የአፈር ዓይነቶች ስንት ናቸው?» ከመጽሐፉ የምዕራፍ መልመጃ የተገለበጡ ነበሩ። አንዳንዱን ታላቅ ወንድም እንደጻፈው የእጅ ጽሑፉ ይናገራል። ማርኩ ሲነሳ ደግሞ ነገሩ ባሰ። ቀድሞ በነጻ ይጽፉ የነበሩት ልጆች እንኳ «ማርክ ከሌለውማ» ብለው ተዉት። ወረቀቱ እንደገና እስኪነቃ ብዙ ሳምንት ፈጀ።

ይህ የኛ ልጆች ጠባይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪን እና ሪቻርድ ኒስቤት መሳል የሚወዱ ሕፃናትን ይዘው ሙከራ አድርገው ነበር። ለአንዳንዶቹ «ከሳልክ የምስክር ወረቀት ታገኛለህ» ተባለ፤ ሳሉ፤ ተሰጣቸው። በኋላ ሽልማቱ በሌለበት ሲታዩ ያ ቃል የተገባላቸው ልጆች ወደ ሥዕሉ የሚሄዱት ቀነሰ። ምንም ቃል ሳይገባላቸው ድንገት የተሸለሙት ግን አልቀነሱም። ልዩነቱ ያለው «ይህን ካደረግክ ይህን ታገኛለህ» የሚለው ስምምነት ላይ ነው። ልጁ ስምምነቱን ሲሰማ፣ ሥራው በራሱ የሚወደድ እንዳልሆነ ይገባዋል።

አንድ ለአምስት አደረጃጀቱም አልረዳም። በየቡድኑ አንድ ሰቃይ ተማሪ አለ። ሰቃዩ ይለካል፣ ሰቃዩ ይጽፋል፣ ሰቃዩ ያቀርባል፤ ሌሎቹ ሲሪንጅ ይቀባበላሉ። መፍትሔው የመጣው በአጋጣሚ ነው። ውሃው በሰፈር ስለመጣ ቡድኑም በሰፈር ሆነ። የአንድ ሰፈር ልጆች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቤት ቋንቋቸው አንድ ነው። ቡድን ውስጥ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ተጨቃጭቀው ውጤቱን በአማርኛ ያቀርባሉ። በአማርኛ ብዙም የማይናገሩ ልጆች እየተነሱ ሲያስረዱ ያየሁት ከዚህ በኋላ ነው። «ክፍል ውስጥ በአማርኛ ብቻ አውሩ» የሚለው የቆየ ሕግ ስንት ልጅ ዝም እንዳሰኘ የሚያውቅ የለም።

በወላጆች ቀን ሙከራው ለእንግዳ እንዲቀርብ ተጠየቀ። ትምህርት ቤቱ በቅንነት ነው ያሰበው። ልጆቹ ንግግር ተጽፎ ተሰጣቸው፤ በቃላቸው ያዙ፤ ነጭ ሸሚዝ ለበሱ። አንዱ እንግዳ ከተጻፈው ውጭ አንዲት ነገር ሲጠይቃት፣ ያቺ ስለ ሳህኖቹ እኩልነት የተናገረችው ልጅ «እሱ አልተሰጠኝም» አለች። ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

ያልተደረሰባቸው ልጆችም አሉ። አንዱ ከትምህርት መልስ ታይዋን ገበያ የአጎቱን ዕቃ ሲሸጥ ነው የሚያመሸው። ክፍል ውስጥ ይተኛል። ለእሱ ሎሚም ሆነ ሲሪንጅ የጠቀመው ነገር የለም። የእንቅልፍ እጦትን ጥያቄ አይፈታውም።

ከወላጆች ጋር

አንዲት እናት ደብተር ይዘው መጡ። ድሬ አንቱታ ላይ ብዙም አትጨነቅም፤ ንግግሩ ቀጥታ ነበር። «ቲቸር፣ አንቺ ምንድን ነው የምታስተምሪው? ይሄው ደብተሩ ባዶ ነው። የጎረቤት ልጅ ሦስተኛ ደብተሯን ጀምራለች።»

ይህን ቅሬታ አቅልሎ ማየት ስህተት ነው። ለብዙ ወላጅ ልጁ መማሩን የሚያይበት ብቸኛው ነገር ደብተር ነው። መምህርቷ አልተከራከረችም። «እናቴ ልክ ነሽ፤ ማየት አለብሽ» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ በራሱ ቃል ይጽፍ ጀመር፦ ምን ጠየቅን፣ ምን አደረግን፣ ምን አገኘን። ከሰሌዳ የተገለበጠ አይደለም። ስለዚህ ፊደሉ ይሳሳታል፣ ሐሳቡ ይዘላል። ግን ልጁ ለእናቱ ሲያነብላት ማስረዳት ይችላል። እኚያ እናት ተመልሰው አልመጡም። ተደስተው ይሁን ሰልችቷቸው ግን አላጣራንም።

ውጤቱ

በሴሚስተር ፈተና የክፍሉ አማካይ ከሌሎቹ ክፍሎች የተለየ አልነበረም። አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ይህን የምጽፈው «ጥያቄ የጠየቀ ልጅ ፈተና ይሰቅላል» የሚል ተስፋ ለማንም መስጠት ስለማልፈልግ ነው። ምርጫ የሚያስከብቡ ጥያቄዎች ላይ ለውጥ አልታየም። «አስረዱ» የሚሉት ላይ ግን ልጆቹ ከአንድ መስመር በላይ ጽፈዋል።

መጽሐፉን ስለመጨረስ መምህርቷ በጣም ሰግታ ነበር፤ ርዕሰ መምህሩም እንዲሁ። በእርግጥ በመካከል ወደ ኋላ ቀርታለች። የደረሰችበት ሾርት ኖት ማስገልበጡን በመተው ነው። ስንለካው የክፍለ ጊዜው ትልቁ ድርሻ የሚያልቀው በመገልበጥ ነበር። ይዘቱ መጽሐፉ ላይ አለ፤ መጽሐፍ የሌለው ልጅ ካለው ጋር ተቀመጠ።

ለሌላ ክፍል የሚወሰድ

ሌላ መምህር የማንቆርቆሪያ ሙከራውን እንዳለ ቢወስደው አይጠቅመውም። ባህር ዳር ወይም ጎሬ ያለ ልጅ ስለ ነጭ ቅርፊት ምን ቸገረው? የሚወሰደው አካሄዱ ነው። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚጠይቁ ሳይሆን ደወል ከተደወለ በኋላ በምን እንደሚጨቃጨቁ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ጭቅጭቁ መጽሐፉ ውስጥ ካለ ምዕራፍ ጋር ይገናኛል። እዚህ የተገናኘው በከርሰ ምድር ውሃ ነው። ሐረር ቢሆን ምናልባት በጅብ ይሆን ነበር።

ሁለተኛው ነገር የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። ይቺ መምህርት ማስረዳት አልተወችም። ያስረዳችው ልጆቹ መልሱን ከፈለጉት በኋላ ነው። አንዳንድ ሥልጠና ላይ መምህሩ ጭራሽ እንዳይናገር የሚነገረን ነገር አይዋጥልኝም። አምስተኛ ክፍል ያለ ልጅ የኖራ ድንጋይ እንዴት እንደሚሟሟ ሎሚ እያየ ብቻ አይደርስበትም። የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ያልራበውን ልጅ ማጉረስ ነው አስቸጋሪው።

ሁሉም ትምህርት እንዲህ አይሄድም። የማባዛት ሠንጠረዥ መለማመድ ይጠይቃል፤ ፊደልም እንዲሁ። መምህርቷም ይህን የሞከረችው በጥቂት ምዕራፎች ላይ ነው፤ ሌላውን እንደ ወትሮው አስተምራለች። በየሳምንቱ ሙከራ ልሥራ የሚል መምህር በስድሳ ልጅ ክፍል ውስጥ ራሱን ያደክማል፣ በሦስተኛው ሳምንትም ይተወዋል። «የቱ ጋ ጠፋባችሁ?» ማለትና መጠበቅ ግን ወጪ የለውም። በማንኛውም ትምህርት ነገ ጠዋት መጀመር ይቻላል።

ማርክን በተመለከተ የዚህ ክፍል ልምድ ግልጽ ነው። የተሠራውን ሥራ መመዘን ይቻላል፤ የዓርቡ ገጽ ይታረም ነበር። ጥያቄን ግን ማርክ አይንካው። ለጥያቄ የሚገባው ምላሽ ጥያቄውን መከታተል ነው። ልጅቷ ስለ ማንቆርቆሪያው ስትጽፍ የተሰጣት ነጥብ የለም። ክፍሉ ለሳምንታት የሠራው ግን የእሷን ጥያቄ ነው።

ለእኛ ለሱፐርቫይዘሮችም አንድ ነገር አለ። ጸጥ ያለ ክፍልና የሞላ ደብተር ለማየት ይመቻል። የልጆቹ ጥያቄ መልሱ የሚታወቅ ይሁን የማይታወቅ ለመለየት ግን ቁጭ ብሎ መስማት ይጠይቃል። እኔ አሁን በቼክሊስቱ ጠርዝ ላይ የልጆቹን ጥያቄ ቃል በቃል እጽፋለሁ። ለመምህሩ ግብረ መልስ ስሰጥ ከነጥቡ በፊት እሱን ነው የማነበው።

አሁን ያለበት

ልጆቹ ወደ ስድስተኛ ክፍል አልፈዋል። የሲሚንቶው ወረቀት ተጠቅልሎ ለስድስተኛ ክፍል መምህር ተሰጥቷል። እሱም ለምዕራፎቹ የሚሆኑትን መርጦ አስቀርቷል። «ዓሣ ይጠማዋል?» የሚለው እስካሁን አልተመለሰም።

መምህርቷ በአዲሱ አምስተኛ ክፍል እንደገና ጀምራለች፤ በዚህ ጊዜ ያለ ማርክ። የዘንድሮዎቹ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ውሃ አይደለም። «ባጃጅ ሲጠመዘዝ ለምን ይገለበጣል፣ መኪና ግን ለምን አይገለበጥም?» ብለዋል። አንድ የባጃጅ ሹፌር መጥቶ እንዲያስረዳ ርዕሰ መምህሩን አስፈቅዳለች። ሹፌሩ እንዲገባ ተፈቅዷል፤ ባጃጁ ግን ከግቢ ውጭ እንዲቆም።